የእግዚአብሔር እንግዳና የቤት ሰው

በአገራችን ገጠር መሸት ሲል ከደጅ ቆሞ የሚጣራ መንገደኛ ስሙንም አገሩንም አስቀድሞ አይናገርም። «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ከውስጥም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» የሚል መልስ ይሰማል። ውሻው ይያዛል፣ እግሩ ይታጠባል፣ እራት ይቀርብለታል፣ መደቡ ላይ ቁርበት ይነጠፍለታል። ይህ ሁሉ ለአንድ ሌሊት የተሠራ ሥርዐት ነው፤ ሲነጋ እንግዳው መርቆ ይሄዳል። ነገር ግን ሳይሄድ ቢቀርስ? መንገዱ የተቆረጠበት፣ አገሩ የጠፋበት፣ ወይም እንጀራ ፍለጋ የወጣ ሆኖ በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን እዚያው ቢገኝ ቤቱ ምን ያደርገዋል? ለእንግዳ የሚሰጠው ክብርና ለቤት ሰው የሚሰጠው ስፍራ አንድ አይደሉም። እንግዳ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ይጋበዛል፣ ይመሰገናል። የቤት ሰው ግን ውሃ ይቀዳል፣ ይታዘዛል፣ ይመክራል፣ ሲያስፈልግም ይቆጣል።

ይህ ጉዳይ የገጠር ቤት ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ቁምስናና የእያንዳንዱ የተሳላሚዎች ማደሪያ ጉዳይ ነው። ዛሬ በሳዑዲ ዐረቢያ ዋና ከተማ በሪያድ፣ በምሥራቅ በኩል ነሲም ወደሚባለው ሰፈር ለሥራ የሚገባ ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ የሚሳለመው ደጅ አያገኝም፤ በዚያ አገር የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ የለምና። ደወል አይሰማም፤ በር ላይ ቆሞ «ልጄ፣ ከወዴት መጣህ?» የሚል ቆሞስም የለም። እንዲህ ባለ ስፍራ እንግዳን ተቀብሎ የቤት ሰው ማድረግ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት፣ ደጅ የነበራቸውን የቀደሙትን መንገደኞች ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ይኸውም በሮማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ጀርባ የሚገኘው፣ የአገሩ ሰዎች «ሳንቶ ስቴፋኖ ደሊ አቢሲኒ» የሚሉት የቅዱስ እስጢፋኖስ የሐበሾች ቤት ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በሮማ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፊት በማኅበር ከቆሙባቸው ጊዜያት ሁሉ ይበልጥ የታወቀው 1441 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን የአብያተ ክርስቲያናትን አንድነት የሚሻ ጉባኤ በፍሎሬንሳ ከተማ ተቀምጦ ነበር። በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን ገዳም አበምኔት የነበሩት አባ ኒቆዲሞስ በስማቸው ዲያቆን ጴጥሮስን ከጓደኞቹ ጋር ላኩ። ጴጥሮስም በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኤውጄንዮስ 4ኛ ፊት ቆሞ ተናገረ፤ ጉባኤውም ቃሉን በዐረብኛ በኩል እየተተረጐመለት ሰማ። ከዚያም መልእክተኞቹ ወደ ሮማ ወርደው የከተማይቱን ቅዱሳት ስፍራዎች ተሳለሙ። ፊላሬቴ የተባለው ቅርጽ አውጪ ይህን አቀባበል በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ በር ላይ ቀረጸው፤ በሩም በ1445 ተፈጽሞ እስከ ዛሬ ድረስ በመካከለኛው መግቢያ ቆሞ ይታያል። በነሐስ መቀረጽ ትልቅ ክብር ነው። ይሁን እንጂ እነዚያ መነኮሳት የመጡት እንደ መልእክተኛ ነበር፤ እንደ መልእክተኛም ተከብረው ተመለሱ። በከተማይቱ የቀረላቸው ስፍራ በሩ ላይ ያለው ምስል ብቻ ነበር።

ማደሪያ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ ዘመን፣ በ1479 ገደማ፣ ጥንታዊቱ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከአጠገቧ ካለው ቤት ጋር ለኢትዮጵያውያን ተሰጠች። ዛሬ በቫቲካን ከተማ ቅጥር ውስጥ ከቆሙት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በዕድሜ የምትበልጠው እርስዋ ናት። መጀመሪያ የመሠረታት ቅዱስ ልዮን ቀዳማዊ እንደ ሆነ ይነገራል። የኬልቄዶን ጉባኤ ነገር ሲነሣ የልዮን ስም በኢትዮጵያውያን መጻሕፍት በበጎ የሚጠራ ስላልሆነ፣ ከደብረ ሊባኖስና ከሌሎች ገዳማት የመጡ መነኮሳት በእርሱ ቤት ውስጥ ሰዓታት መቆማቸው የሚያስገርም ነው። ነገሩን ያወቁት እንደ ሆነ እንኳ ማደሪያውን አልናቁትም።

ከኢትዮጵያ የተነሣ መነኩሴ በአንድ ጉዞ ሮማ አይደርስም ነበር። ወደ ግብፅ ወርዶ በካይሮ ይሰነብታል፤ ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ የጌታን መቃብር ይሳለማል፤ ብዙውም በዚያው ዓመታት ይቀመጣል። አልፎ ለመሄድ የወደደ በቆጵሮስ ደሴት ያርፋል፣ በመርከብ ወደ ቬኒስያ ይሻገራል፣ ከዚያም በእግሩ ወደ ሮማ ይወርዳል። አንዳንዶቹም ከሮማ አልፈው እስከ እስጳንያ ዳርቻ፣ እስከ ቅዱስ ያዕቆብ መቃብር ዘልቀዋል። በየማረፊያው አገራቸውን የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ ነበር፤ ምን ዐይነት ገንዘብ እንደሚመነዘር፣ የትኛው በር ሲመሽ እንደሚዘጋ፣ ብርዱን በምን እንደሚችሉት የሚነግራቸው ያስፈልጋቸው ነበርና። አንድ ነገር ብቻ አላስቸገራቸውም። በዚያ ዘመን ሮማም እስክንድርያም የሚቈጥሩት በዩልዮስ አቆጣጠር ስለ ነበረ ፋሲካቸው በአንድ ቀን ይውል ነበር፤ መነኩሴው በኢየሩሳሌም የጀመረውን ዐቢይ ጾም በሮማ ቢፈጽመው ከአገሩ ሕዝብ ጋር እኩል ይገድፍ ነበር። ይህ አንድነት የፈረሰው በ1582 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ አቆጣጠሩን ባደሱ ጊዜ ነው።

በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ከኮሎኛ ከተማ የመጣ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ካህን በሮማ ሳለ የኢትዮጵያውያንን ዜማ ሰማ። ቃሉን አላወቀውም፤ ነገር ግን በዜማው መካከል የእመቤታችንን፣ የሐዋርያትንና የቅዱሳንን ስም ለየ። ማንነታቸውን ጠይቆ ለማወቅ አስተርጓሚ ቢፈልግ በዚያች ታላቅ ከተማ የሚረዳው ጠፋ። ያን ጊዜ ሌላ መንገድ ያዘ፤ ከተሳላሚዎቹ አንዱን፣ አባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤልን፣ መምህር አድርጎ እንደ ሕፃን ፊደል ቈጠረ። በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ በሮማ አሳተመ፤ በፊደላችን በማተሚያ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ መጥራቱ ስሕተት ነበር፤ ከእርሱም በኋላ ብዙ ሊቃውንት በዚሁ ስሕተት ተከትለውታል። ይህ ግን ሥራውን አያሳንሰውም። በአገራችን የቆሎ ተማሪ ደጅ ለደጅ እየዞረ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ ይለምናል፤ በሮማ ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ ምጽዋት ጠባቂ የሚመስለው መንገደኛ መምህር፣ ባለ ማዕርጉ ካህን ተማሪ ሆነ። አባ ቶማስ በዚያች ከተማ ውስጥ ከእርሳቸው በቀር ማንም የማይሠራው ሥራ ነበራቸው።

ይህን በሚገባ ለመመዘን ወደ ሊዝቦና መሻገር ያስፈልጋል፤ በዚያ የሆነው ተቃራኒው ነውና። ዐፄ ልብነ ድንግል ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላኳቸው አባ ጸጋ ዘአብ ከካህኑ ከፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጋር በ1527 ሊዝቦና ገቡ። የክርስቲያን ንጉሥ መልእክተኛ ነበሩና ተቀበሏቸው። ዳሩ ግን የአገሩ ሊቃውንት ስለ ግዝረት፣ ስለ ቀዳሚት ሰንበት አከባበር፣ ስለሚበላውና ስለማይበላው ይጠይቋቸው ጀመር። መልሳቸው ለጠያቂዎቹ አላረካም፤ ስለዚህ ከቅዱስ ቁርባን ከለከሏቸው። ካህን ሆነው በክርስቲያን አገር ለዓመታት ሳይቈርቡ ተቀመጡ። በንጉሥ ማዕድ የሚቀመጥ ሰው ከጌታ ማዕድ መራቁ ምን ያህል እንዳቃጠላቸው፣ በ1534 ጽፈው ከፈጸሙት የእምነት መግለጫ ይታወቃል። በዚያ ጽሑፍ የአገራቸውን ሥርዐት አንድ በአንድ ካስረዱ በኋላ፣ ከሩቅ የመጣ ክርስቲያን፣ ግሪክም ይሁን አርመን ወይም ኢትዮጵያዊ፣ በፍቅር እንጂ በዘለፋ ሊቀበሉት እንደማይገባ ያሳስባሉ። ዳሚያኖ ዴ ጎይስ የሚባል ፖርቱጋላዊ ሊቅ ጽሑፉን ወደ ላቲን መልሶ በ1540 በሉቫን ከተማ አሳተመው። በ1541 መጽሐፉ በፖርቱጋል እንዳይሸጥ ተከለከለ።

ሊቃውንቱን በጭካኔ ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሕ ግን አይደለም። የእምነት ንጽሕና ይጠበቅ ዘንድ መጠንቀቅ የሥራቸው ግዴታ ነበር። የጎደላቸው ፖትከን የነበረው ነው፤ ለመጠየቅ የተቀመጡት ለመማር አልተቀመጡም።

በሮማ ግን በዚያው ዘመን የእንግዳው ቤት ትልቁን ፍሬውን ሊያፈራ ነበር። በ1531 የኢማም አሕመድ ጭፍራ ደብረ ሊባኖስን አቃጠለ። በእነዚያ ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጣ መነኩሴ፣ ቢመለስ የሚገባበት ገዳም መቆሙን እንኳ አያውቅም ነበር። የደብረ ሊባኖስ ልጅ የሆኑት አባ ተስፋ ጽዮን በኢየሩሳሌም በኩል ሮማ የደረሱት በ1530ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። እንግዲህ ለቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት የመጣው አዲስ ዐይነት እንግዳ ነበር፤ ተሳልሞ የሚመለስ ሳይሆን፣ የሚቀር። ቤቱም ለአባ ተስፋ ጽዮን አልጋና ዳቦ ሰጥቶ አልተዋቸውም። በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ ፊት የሚሰሙ፣ በከተማይቱ ሊቃውንት ዘንድ የሚፈለጉ፣ ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ የሚያውቃቸው ሰው ሆኑ።

አባ ተስፋ ጽዮን ከወንድሞቻቸው ከተንሥአ ወልድና ከዘሥላሴ ጋር አዲስ ኪዳንን በግዕዝ ለማሳተም ተነሡ። ሥራው ከ1548 እስከ 1549 ተፈጸመ። በዚያ ማተሚያ ቤት የነበረውን ችግር በዐይነ ኅሊና መመልከት አያስቸግርም፤ የብረቱን ፊደል የሚደረድሩት ኢጣልያውያን ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፤ ግዕዝ የሚያነቡት መነኮሳት የማተሚያን ጥበብ አያውቁም። አሳታሚዎቹ ራሳቸው ይህን በመጽሐፉ ውስጥ ሳይደብቁ ተናግረው፣ ለስሕተቱ አንባቢውን ይቅርታ ይለምናሉ። የያዙት የሐዋርያት ሥራ ቅጂ ጎዶሎ ስለ ነበረ ብዙውን ክፍል ከላቲንና ከግሪክ ተርጕመው እንደ ሞሉም በግልጥ ጽፈዋል። እንዲህ ያለ እውነተኛነት በዛሬዎቹ አሳታሚዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የቅዳሴው መጽሐፍም በዚሁ ኅትመት ውስጥ ገባ፤ የአገራቸው ጸሎት በሮማ ከተማ በብረት ፊደል ተቀርጾ ወጣ።

ለጉዳያችን ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ሌላው ሥራቸው ነው። በ1549 አባ ተስፋ ጽዮን የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት ሥርዐት ከቅዳሴው ጋር በላቲን ቋንቋ አሳተሙ። በሊዝቦና አባ ጸጋ ዘአብ ስለ ሥርዐታቸው ሲጠየቁ በተከሳሽ ወንበር ላይ ነበሩ። አባ ተስፋ ጽዮን ግን ማንም ሳይከሳቸው ቀድመው፣ «እኛ ልጅን ክርስቲያን የምናደርገው እንዲህ ነው» ብለው ለአስተናጋጆቻቸው በአስተናጋጆቻቸው ቋንቋ ገለጡላቸው። እንግዳው የቤቱን ልማድ ይማራል ይባላል፤ እዚህ ግን ቤቱ የእንግዳውን ልማድ ተማረ። ከእርሳቸው ዘንድ የተማረው ማርያኖ ቪቶሪ በ1552 የመጀመሪያውን የግዕዝ ሰዋስው በሮማ አሳተመ። አባ ተስፋ ጽዮን ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ፤ መቃብራቸውም በዚያችው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ነው።

በዚሁ በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የቤቱ መነኮሳት ለአብሮ ኑሮአቸው የጽሑፍ ሥርዐት አወጡ። አንድ ማኅበር ሕጉን በጽሑፍ የሚያወጣው ሁሉ ነገር ሰላም በሆነበት ጊዜ አይደለም። ከአንድ አገር ቢመጡም ከልዩ ልዩ ገዳም የወጡ፣ አንዱ በኢየሩሳሌም የሰነበተ፣ ሌላው ትናንት የደረሰ መነኮሳት በጠባብ ቤት ሲኖሩ ማን ይቅደም፣ ማን ይታዘዝ፣ ምጽዋቱ እንዴት ይከፈል የሚለው ክርክር አይቀርም። ከእንግዳ ማደሪያ ጋር የኖረ ሁሉ ይህን ያውቃል። ቀድሞ የመጣው ለኋለኛው ጌታ መሆን ይቃጣዋል፤ የትናንቱ ስደተኛ የዛሬውን ስደተኛ «ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» ይለዋል። ሥርዐቱ መጻፉ ራሱ፣ ቤቱ ከሌሊት ማደሪያነት ወደ ማኅበርነት መሻገሩን ያሳያል።

ከዚያ ቤት ጋር የተሳሰረ አንድ ሌላ ሰው ደግሞ መዘንጋት የለበትም። በቆጵሮስ ደሴት ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለዱት አባ ዮሐንስ ወደ ሮማ መጥተው በአገልግሎት ከቆዩ በኋላ በ1560ዎቹ የጵጵስና ማዕርግ ተቀበሉ። በስደት አገር ተወልዶ፣ በሌላ ስደት አገር ጳጳስ መሆን ለዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

ዳሩ ግን በሩ እንደ ቀድሞው ሰፍቶ አልቆየም። የትሬንት ጉባኤ ከ1545 እስከ 1563 ከተቀመጠ በኋላ፣ በምዕራቡ ዓለም የእምነት መለያየት ስለ በረታ፣ ከሩቅ ለመጣው ክርስቲያን የሚቀርበው ጥያቄ እየበዛ ሄደ። የመጀመሪያዎቹ መነኮሳት ሲጣሩ «ግቡ» ተብለው ነበር፤ የኋለኞቹ ግን ከመግባታቸው በፊት ብዙ ማስረዳት አስፈለጋቸው። በአገር ቤትም ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ቢቀበሉ ከባድ ደም መፋሰስ ተከተለ። በ1632 ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። ከዚህ በኋላ ወደ ሮማ የሚወስደው መንገድ ከሁለቱም ወገን በጥርጣሬ ተዘጋ። በሊዝቦና በአንድ ካህን ላይ የተሠራው ስሕተት በጎንደር ዘመን ዋዜማ በሕዝብ ላይ ሲደገም፣ ለመማር ያልተቀመጠ እንግዳ ተቀባይ እንግዳ ሆኖ ሲሄድም ያው እንደ ሆነ ታየ።

በዚያ በተጨነቀው ዘመን ነው አባ ጎርጎርዮስ በቅዱስ እስጢፋኖስ የሚገኙት። ትውልዳቸው በአምሐራ መካነ ሥላሴ ነው፤ ካቶሊካዊ ነበሩና ከስደቱ በኋላ ከአገራቸው ወጥተው ሮማ ገብተዋል። በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል የ25 ዓመት ጀርመናዊ ለሌላ ጉዳይ ወደ ሮማ ሲመጣ ወደዚህ ቤት ጎራ አለ። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ ተምሮ ነበር፤ ዐይኑ ያውቀዋል፣ ጆሮው ግን አልሰማውም። በቤቱ የቀሩት ኢትዮጵያውያን በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ከእነርሱ መካከል አባ ጎርጎርዮስ ያን ወጣት ተቀበሉት፤ ግዕዙን አቀኑለት፣ አማርኛም አስተማሩት። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1652 የሳክሰን ጎታ መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ አገሩ ጠራቸው። መስፍኑ የሉተር ተከታይ፣ እንግዳው የካቶሊክ ካህን ነበሩ፤ አውሮፓ በሃይማኖት ምክንያት ለ30 ዓመት የተዋጋበት ጦርነት ከቆመ ገና 4 ዓመቱ ነበር። በቤተ መንግሥቱ ተቀምጠው ስለ አገራቸው ነገሥታት፣ ስለ ተራራውና ስለ ወንዙ፣ ስለ ዛፉና ስለ አራዊቱ ተጠየቁ፤ የመለሱትም ሁሉ ተጻፈ። ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ባወጣው የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስ ድምፅ አለ። ሉዶልፍም ውለታውን አልካደም፤ ስማቸውን ከምስላቸው ጋር በመጽሐፉ አኖረላቸው። እርሳቸው ግን ይህን አላዩም። በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ባዶ እየሆነ ሄደ። እንግዳ የማይመጣበት የእንግዳ ቤት ግድግዳው ቢቆምም ታሪክ የለውም፤ ስለዚህ የሚቀጥሉትን መቶ ዓመታት ማለፍ ይቻላል። በ1841 ግን ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያዕቆቢስ ጳጳስ ለማምጣት ወደ ካይሮ የተላኩትን ኢትዮጵያውያን አስከትለው ሮማ ገቡ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛም ተቀበሏቸው። ከመልእክተኞቹ መካከል የጎጃሙ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። በሮማ ማንም አላስቸኰላቸውም። ሲመረምሩና ሲከራከሩ ኖረው በ1844 በፈቃዳቸው ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገቡ፤ በ1855 በእስር እንዳሉ ዐረፉ፤ በ1926 ብፅዕናቸው ታወጀ። የቅዱስ እስጢፋኖስም ቤት ሁለተኛ ሕይወት አገኘ። በ1919 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 15ኛ በዚያ ስፍራ ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች የትምህርት ቤት መሠረቱ፤ ተከታያቸው ፒዮስ 11ኛ ደግሞ እዚያው አጠገብ፣ በቫቲካን የአትክልት ስፍራ ውስጥ፣ አዲስ ሕንፃ አሠሩለት። እንግዲህ የቆሎ ተማሪው ልጅ የአባ ተስፋ ጽዮንን መቃብር ጐረቤት አድርጎ መማር ጀመረ።

በነሲም ይህን የመሰለ ደጅ የለም። የሳዑዲ ዐረቢያ ካቶሊካውያን በ2011 በተቋቋመው የሰሜን ዐረቢያ ሐዋርያዊ ቪካርያት ሥር ናቸው። ለዚህ ሀገረ ስብከት የተሠራው የእመቤታችን የዐረቢያ ካቴድራል በባሕሬን በአዋሊ በታኅሣሥ 2021 ተባርኮ ተከፈተ። ባሕሬንና ሳዑዲ ከ1986 ጀምሮ በባሕር ላይ በተዘረጋ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተያይዘዋል፤ ከሪያድ በመኪና የተነሣ ሰው በአንድ ቀን ይደርሳል። ይሁንና ፓስፖርቷ በአሠሪዋ ሣጥን ለተቆለፈባት የቤት ሠራተኛ ያ መንገድ አባ ጎርጎርዮስ ከሄዱበት ይርቃል። ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል፤ እንግዲህ በዚያ አገር ቀድሞ የመጣውም ሰው ቢሆን እስከ ነገ መቆየቱን እርግጠኛ ሆኖ አያውቅም። ከወሎ ወይም ከከምባታ የመጣች አንዲት ካቶሊካዊት በዚያ ሰፈር የምታገኘው ቁምስና፣ ካገኘች፣ ከእርስዋ ሁለት ዓመት ቀድሞ የመጣ አንድ ሰው ነው። እርሱ የታመመች እንደ ሆነ በዐረብኛ ምን እንደምትል ይነግራታል፤ ገንዘብ የሚላክበትን ያመለክታታል። የአገር ቤቱ ፋሲካና የአውሮፓው ፋሲካ በብዙ ዓመታት ስለማይገናኙም፣ ዐቢይ ጾም የሚገባበትን ቀን በወረቀት ጽፎ ይሰጣታል።